ጋሽ ጩማ የተናገሩበት ዲስክ

ማክሰኞ ዕለት ትንሳኤ ወደ ኮምፒውተር ጥገና ሱቁ ስትገባ ቃለሕይወት አላያትም። ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ጎኑ በተከፈተ ኮምፒውተር ላይ አጎንብሶ፣ ስክሪኑ ላይ የወጣችውን አጭር ጽሑፍ ለአሥረኛ ጊዜ እያነበበ ነበር። ጽሑፏ የምትለው ያንኑ ነው፦ ይህን ዲስክ ለመጠቀም በቅድሚያ ፎርማት መደረግ አለበት፤ ፎርማት ይደረግ? ከተደረገ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ከሥሯ ሁለት አማራጮች አሉ። የማውሱ ቀስት ደግሞ በክፉ አጋጣሚ ያረፈው "ይደረግ" የሚለው ላይ ነው።

"ምንድን ነው እሱ?" አለች ከኋላው።

ደንግጦ ዞረ። በዚያች ቅጽበት ፊቱን ያየ ሰው እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሌባ ይመስለው ነበር። የደነገጠው ግን ስላያት ብቻ ነው፤ ሳይዘጋጅ በድንገት ሲያያት ሁልጊዜም እንዲህ ያደርገዋል። ትንሳኤ በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ድንጋጤ ብዙ ጊዜ አይታው፣ ብዙ ጊዜም ስቃበት ታውቃለች። ዛሬ ግን አልሳቀችም።

"ምንም አይደል። ቁጭ በይ፤ ቆይ ወንበሩን ላንሳልሽ።"

"ቃል፣ ምንድን ነው የሚለው?"

"ዲስኩን አላነበበውም። ማለቴ አይቶታል፣ ግን ባዶ ነው ይላል። ባዶ አይደለም እኮ፤ ባዶ መስሎ ነው እንጂ።"

"ፎርማት አደረግከው?"

"ኧረ አላደረግኩም!"

"እጅህ ግን እዚያው ላይ ነው።"

ቃለሕይወት እጁን ከማውሱ ላይ መለስ አደረገ። መመለሱ ራሱ ነገሩን አባሰው።

የዲስኩ ነገር እንዲህ ነው። የትንሳኤ አባት፣ ከአራት ዓመት በፊት ያረፉት መምህር ጦና፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በየቀበሌው እየዞሩ የአረጋውያንን ታሪክ በድምፅ ይቀርጹ ነበር። ከቅጂዎቹ የተረፈው በሙሉ እንደ መዝሙር መጽሐፍ ወፈር ባለ አንድ ጥቁር ዲስክ ውስጥ ነው። ሌላ ግልባጭ የለውም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ቃለሕይወት ወደ ትንሳኤ ቤት ሽማግሌ ላከ። ወላይታ ላይ ሽማግሌ ሲገባ ከሀብትም ከሥራም በፊት የሚጠየቀው ጎሳ ነው። የአንድ ጎሳ ልጆች ወንድምና እህት ናቸውና አይጋቡም፤ ስንት ትውልድ ቢራራቁም አይጋቡም። የቃለሕይወት ሽማግሌዎች ጎሳቸውን ሲጠሩ የትንሳኤ አጎት አቶ ትግሉ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

"የልጁ አያት ደግፌ የተወለደው ቦምቤ አይደለም" አሉ። "ከሃላሌ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ነው የመጣው። አሁን የጠራችሁት የእንጀራ አባቱን ጎሳ ነው። የወለደውስ ማን ነው? ከእኛ ጎሳ ቢሆንስ?"

የሚያውቅ አልተገኘም። የትንሳኤ እናት ወይዘሮ አሳየሽ ብቻ ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ "ቦምቤ ላይ ወገን አለን" ሲሉ እንደሰሙ ትዝ አላቸው፤ ወገን የተባለው ማን እንደሆነ ግን አልጠየቁም ነበር። ነገሩን ጠንቅቀው ያውቁ የነበሩት የሃላሌው ጋሽ ጩማ ሞተዋል። ደግነቱ ወይም ክፋቱ፣ ከሰባት ዓመት በፊት መምህር ጦና ቀርጸዋቸዋል። ስለዚህ ተቆረጠ፦ በመጪው ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው የሟቹን ድምፅ ይሰሙና በሰሙት ይፈርዳሉ። ድምፁ ካልተገኘ ደግሞ ደግፌ ባደገበት ጎሳ ይቆጠራል፤ ልጆቹም ይጋባሉ።

እንግዲህ ያ ዲስክ የትንሳኤ ላፕቶፕ ላይ ሲሰካ ለአፍታ ብቅ ይልና ይጠፋል። የኬብሉ መሰኪያ ላልቷል። ትንሳኤም ለእናቷ ትንፍሽ ሳትል በሹራብ ጠቅልላ አምጥታ ለቃለሕይወት ሰጠችው። ፍርድ የሚሰጥበትን ዲስክ ፍርዱን ለሚጠብቀው ሰው! ሌላ ሰው ይህን አያደርግም። እሷ ግን ከእሱ ሌላ የምታምነው ጠጋኝ አልነበራትም።

ቃለሕይወትም ያደረገው መቶ ጊዜ ያደረገውን ነው። የላላውን መሰኪያ ከመጠገን ይቀላል ብሎ ቀፎውን ፈለቀቀ፤ ዲስኩን አወጣ፤ በቀጥታ ከኮምፒውተሩ የውስጥ ገመድ ጋር አገናኘው። ሌሎቹ መቶዎቹ ተከፍተዋል። ይሄኛው ፎርማት አድርገኝ አለ።

"አባቴ ነው እዚያ ውስጥ ያለው" አለች ትንሳኤ። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። "ታውቃለህ አይደል? ለሽማግሌዎቹ የአንድ ሽማግሌ ወሬ ነው። ለእኔ አባቴ ነው።"

"አውቃለሁ ትንሴ።"

"ካወቅህ በዓይኔ እያየህ 'አልነካሁትም' በለኝ።"

ሊላት ፈለገ። ግን ቀና ሲል የእሷ ዓይን ውስጥ ያየው ነገር አፉን ዘጋው። ዓይኗ እየጠየቀው አልነበረም፤ አስቀድሞ ፈርዶበታል። ሁለት ዓመት ሙሉ የሚያውቀው ዓይን እንደ እንግዳ ሰው ሲያየው አንገቱን አቀረቀረ። እሷም ማቀርቀሩን እንደ መልስ ቆጠረችው። ሹራቧን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና ወጣች። ቃለሕይወት ተከትሏት እስከ በሩ ሄዶ ቆመ። ስሟን ሊጠራ ነበር። በጠራራ ፀሐይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ስሟን ጮክ ብሎ ጠርቶ አያውቅምና አፉ እምቢ አለው።

*

ረቡዕን እንዴት እንዳሳለፈ እሱም አያውቀው። ይቀመጣል፣ ይነሳል። ስልኳ ላይ ይደውላል፤ አታነሳም። የጠፋ ፋይል ይፈልጋል የተባለ ፕሮግራም ሁሉ ዲስኩ ላይ ሞከረ። ፕሮግራሞቹ ሰዓታት ሙሉ ቆፍረው የሚያወጡለት ስም የሌለው ቁርጥራጭ ነው፦ የግማሽ ሰው ፎቶ፣ ለሁለት ሰከንድ ተንጫርሮ የሚቆም ድምፅ። በአንደኛው ውስጥ የሰው ሳል ሰማ። መምህር ጦና ይሁኑ ጋሽ ጩማ ማወቅ አልቻለም። ሳሉን ግን ደጋግሞ አጫወተው።

"አንተ ሰውዬ" አለ ሱቁን አብሮት የሚጋራው ሄኖክ፣ የስልክ ስክሪን እየለጠፈ። "ዛሬ ከዚህ በር እስከ መናኸሪያው ስንት ጊዜ እንደተመላለስክ ቆጥሬልሃለሁ። ታክሲ ብትሆን ኖሮ ሀብታም ነበርን።"

"ተወኝ ሄኖኬ።"

"አልተውህም። ንገረኝ እስቲ፤ ድምፁ ከሌለ ትጋባላችሁ አይደል? እኔ ነኝ የተሳሳትኩት?"

"ትክክል ነህ።"

"ኮምፒውተሩ ደግሞ የለም ብሏል። አንተ አላልክም፤ ኮምፒውተሩ ነው ያለው። ሰው ለሠርግ ምስክር አጥቶ ይንከራተታል፤ ላንተ ማሽን እየመሰከረልህ ታለቅሳለህ! እኔ ብሆን አሁን ሱፍ እለካ ነበር።"

 ቃለሕይወትን ያስፈራው ሄኖክ ያለው ነገር አይደለም። ማክሰኞ ማታ እሱ ራሱ፣ ማንም ሳይነግረው፣ ያንኑ አስቦት ነበር።

ሐሙስ ረፋድ ላይ አንድ የባጃጅ ሾፌር በመስኮቱ አጎንብሶ ከደብተር የተቀደደ የታጠፈ ወረቀት ወረወረለት። ትንሳኤ መምህርት ናትና ጽሕፈቷ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ይመስል ቀጥ ያለ ነው።

"ቃል፣ ስልክህን የማላነሳው ተናድጄ ብቻ አይደለም። ድምፅህን ከሰማሁ እንደማምንህ ስለማውቅ ነው። ለእማዬ ነግሬያታለሁ። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አጎቴ ትግሉ ሰምቶ ምን እንዳለ ታውቃለህ? 'ከጠፋማ ምን ይደረጋል፣ ይጋቡ' አለ። ይጋቡ! ሁለት ዓመት የጸለይኩበት ቃል ነው፤ ስሰማው ግን ተነስቼ ወጣሁ። ቃል፣ እኔን ለማግኘት ብለህ አጥፍተኸው ከሆነ፣ አንተ የሠራኸው ቤት ውስጥ አባቴን እያሰብኩ መኖር አልችልም። ሳታውቀው ተበላሽቶብህ ከሆነ ንገረኝና አብረን እናልቅስ። እውነቱን ብቻ ንገረኝ። ትንሳኤ።"

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና በደረት ኪሱ ከተተው። ከዚያ ፕሮግራሞቹን ሁሉ ዘጋ። መሮጡን ትቶ፣ ገና ሥራ በጀመረበት ዘመን እንደሚያደርገው፣ ባዶ ወረቀት አወጣና ዲስኩ ስለ ራሱ የሚናገረውን ቁጥር ሁሉ አንድ በአንድ ጻፈ። ሦስት ሺህ ጊጋ የሚይዝ ዲስክ ነው። ውስጡ አንድ ክፍል ብቻ አለ፤ ያ ክፍል ግን መጠኑ ሦስት መቶ ሰባ አምስት ነው ይላል። ቀሪው ባዶ ሜዳ። ይህን ቁጥር ማክሰኞም አይቶታል፤ የተበላሸ ዲስክ የማይለው የለም ብሎ አልፎታል። አሁን ለምን እንደሆነ ሳያውቀው አባዛው። በሁለት። በአራት። በስምንት።

ልክ ሦስት ሺህ መጣ።

እርሳሱን አስቀመጠ። የተበላሸ ነገር ልክ አይመጣም። ዲስኩ አልተበላሸም፤ አልጠፋምም። የጣለው ቀፎ ውስጥ የነበረችው ትንሿ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የዲስኩን ቁራጭ ቦታዎች ስምንት ስምንቱን እየጠቀለለች እንደ አንድ ትቆጥር ነበር፤ መረጃው የተጻፈው በእሷ አቆጣጠር ነው። እሱ ደግሞ ዲስኩን ከእሷ ነጥሎ፣ አንድ በአንድ ለሚቆጥር ማሽን ሰጠው። ማሽኑ ሁሉንም ነገር ያለ ቦታው ፈለገ፤ አላገኘም፤ ባዶ ነው አለ።

"ሄኖክ! ቀፎው የት ነው?"

"የቱ ቀፎ?"

"ጥቁሩ! ማክሰኞ የፈለቀቅኩት!"

"ውራጅ ካርቶኑ ውስጥ ጣልከው እኮ። ምነው፣ ምን ነካህ?"

ካርቶኑን ወለሉ ላይ ገለበጠው። የሞቱ ቻርጀሮች፣ የተሰበሩ ኪቦርዶች፣ የገመድ ጥቅልል ተበተነ። ሰሌዳዋ ከሁሉ በታች ነበረች፤ የጣት ያህል፣ አቧራ የለበሰች። የላላውን መሰኪያ በብየዳ ነቅሎ ከሌላ ቀፎ ያወጣውን ተካላት። ስለተቻኮለ ሁለት ጊዜ ጣቱን ተቃጠለ። በዚያ ሁሉ መሃል ደስ ብሎት ነበር፤ የሚላት ነገር አግኝቷል፤ አልነካሁትም ሊላት ነው። ይህ ዲስክ ምን ይዞ እንደሚመጣ ለአንድ ቀን ያህል ጭራሽ ረስቶት ነበር።

*

አርብ ጠዋት ተከፈተ። ሄኖክ ቁርሱን ሊበላ ወጥቷል። የመምህር ጦና ዶሴዎች በቀበሌና በዓመት ተደርድረው ስክሪኑን ሞሉት። "ሃላሌ" የሚለው ውስጥ አንድ ስም አለ፦ ጩማ።

ማዳመጥ አልነበረበትም። ዘግቶ መውሰድ ይችል ነበር። ግን በሦስት ቀን ውስጥ እንዲህ የተጨነቀ ልብ ስንቱን ይችላል? ኢርፎኑን ጆሮው ላይ አደረገ።

ንግግሩ በወላይትኛ ነው። መጀመሪያ የመምህር ጦና ድምፅ መጣ፣ ለስላሳና ጠያቂ፤ ትንሳኤ ክፍል ውስጥ ስትጠይቅ የምታወጣው ድምፅ ቁርጥ እሱ ነው። ከዚያ አንድ ያረጀ፣ ጥርስ የጎደለው ድምፅ ተከተለ። ስለ ድርቅ ነገሩ፤ ስለ ኦሞ ወንዝ ሙላት ነገሩ። ሃያ ደቂቃ አለፈ።

"የወገን ልጅ ደግሞ ጠፍቶብናል" አሉ ጋሽ ጩማ። "ደግፌ ይባላል። አባቱ ሲሞት እናቱ አዝላው ቦምቤ ወርዳ ሌላ አገባች። እኔ ሸኝቻታለሁ፤ ስምንት ዓመቴ ነበር።"

"አባቱ ማን ነበር?" አሉ መምህር ጦና።

"አንተ ትጠይቀኛለህ? የአያትህ ታናሽ ወንድም ነዋ! ደግፌ የአባትህ የአጎት ልጅ ነው። አንድ ደም ናችሁ።"

 ከዚያ መምህር ጦና ሳቁ፤ ያልጠበቀውን ነገር መንገድ ላይ እንዳገኘ ሰው ከልባቸው ሳቁ። "እና ቦምቤ ላይ ወንድሞች አሉኝ ማለት ነው! ልጅ ካለው፣ የልጅ ልጅ ካለው ፈልጌ አገኘዋለሁ ጋሽ ጩማ። እቤቴ ወስጄ፣ ከልጄ ጋር አንድ ገበታ ላይ አስቀምጬ አበላዋለሁ።"

ቃለሕይወት ኢርፎኑን አወጣ። ከውጭ የባጃጅ ጡሩምባ፣ የረዳት ጥሪ ይሰማል። ሰው ሁሉ ወደየሥራው ይሄዳል። 

ተነሳ። ተቀመጠ። ደግሞ ተነሳ። ማንም አያውቅም። ዲስኩን እንደገና ከሰሌዳዋ ነቅሎ በውስጥ ገመዱ ቢያገናኘው ያቺ ጽሑፍ ትመጣለች፤ ይደረግ? ትላለች። አንድ ጊዜ መጫን ነው። ነገ አቶ ትግሉ ይጋቡ ይላሉ። ትንሳኤም፣ ተበላሸብኝ ቢላት፣ አብራው ታለቅስና ታምነዋለች። ታምነዋለች፤ ይህን እርግጠኛ ነበር። የከበደውም እሱ ነው። እያመነችው፣ በየዓመቱ የአባቷን ቀን ስታስብ አጠገቧ ሊቀመጥ ነው፤ አባቷ የሳቁትን ሳቅ በጆሮው ይዞ። እህቱ መሆኗን እሱ ብቻ እያወቀ።

ሄኖክ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ሲመለስ ቃለሕይወት ቀፎውን በብሎን እያጠበቀ ነበር።

"ተከፈተ?"

"ተከፈተ።"

ሄኖክ ፊቱን አየውና ስንጥሩን ከአፉ አወጣ። ሊቀልድ የጀመረውን ተወው። "ወንድሜ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ዛሬውኑ መውሰድ አለብህ? እደር እንጂ።"

"ካደርኩ አልወስደውም" አለ ቃለሕይወት።

*

የመምህር ጦና ቤት ኦቶና አካባቢ ነው። ወይዘሮ አሳየሽ በረንዳው ላይ በቆሎ እየፈለፈሉ ነበር። ሲያዩት አልተነሱም።

"ሳሮ፣ እማማ" ብሎ ሰላምታ ሰጠ።

"የሞላ ዕቃ ወስደህ ባዶውን ልትመልስ መጣህ?"

"ተከፍቷል፣ እማማ።"

ትንሳኤ ከውስጥ ሰምታ ወጣች። ሦስቱን ቀን ያልተኛች መሆኗ ከዓይኗ ያስታውቃል። ዓይኗ መጀመሪያ ዲስኩ ላይ፣ ከዚያ እሱ ላይ አረፈ፤ በሁለቱ መካከል ፊቷ በራ። ቃለሕይወት ያን ብርሃን እንዳያይ ፊቱን አዞረ።

"አልነካኸውም" አለች። "እኔ ነኝ የበደልኩህ። ቃል፣ እየኝ እንጂ! ይቅር አትለኝም?"

"ላፕቶፕሽን አምጪ።"

አመጣች። ሰካው፤ ከመሃል ጀምሮ አጫወተው። የአባቷ ድምፅ በበረንዳው ላይ ሲሰማ ወይዘሮ አሳየሽ የያዙት የበቆሎ ፍሬ ከእጃቸው ረገፈ። ትንሳኤ አፏን ይዛ አለቀሰች፤ የደስታ ልቅሶ ነበር። ቃለሕይወት የቆመው ከምሰሶው አጠገብ ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የምትሰማውን ስለሚያውቅ በዚህ ልቅሶ እንድትቆይ ተመኘ፤ የቀሩት ደቂቃዎች ሰዓታት እንዲሆኑ ተመኘ።

የአያትህ ታናሽ ወንድም ነዋ፣ አሉ ጋሽ ጩማ። አንድ ደም ናችሁ።

መምህር ጦና ሳቁ፤ ቃላቸውን ሰጡ። ቅጂው አለቀ።

 ትንሳኤ ከቆመው ስክሪን ቀስ ብላ ወደ እሱ ዞረች።

"ሰምተኸው ነበር?"

"ጠዋት ሰማሁት።"

"ብቻህን?"

"ብቻዬን።"

"ሰምተኸው... ሰምተኸው ይዘኸው መጣህ?"

  ዓይኗ ያን ጊዜ የነገረውን ነገር በሁለት ዓመት ውስጥ በአንደበቷም፣ በደብዳቤዋም ነግራው አታውቅም። እንዲህ ወድዳውም አታውቅም ነበር። ሁለቱም አወቁት፤ ባወቁት ቅጽበት የሚያደርጉበት ቦታ አጡለት።

ወይዘሮ አሳየሽ ተነሱ። ከጭናቸው ላይ በቆሎው ተበተነ። የቃለሕይወትን ጭንቅላት በሁለት እጃቸው ያዙና አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ ጉንጩን ሳሙት። "ታ ናአው!" አሉ፣ ልጄ እያሉ፣ እንባቸው አንገቱ ላይ እየወረደ። "ጦና ሲፈልግህ ነው የሞተው! እኔ ደግሞ በረንዳ ላይ አቆምኩህ። ግባ፣ ግባ ልጄ። ያንተም ቤት ነው።"

ወደ ውስጥ አስገቡት። ገበታ ቀረበ፤ ቆጮ፣ ሥጋ፣ ዳጣ። ትንሳኤ እጁን አስታጠበችው። ውሃው በጣቶቹ ላይ ሲወርድ ሁለቱም ጎድጓዳ ሳህኑን ነበር የሚያዩት። እናትየው አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጧቸውና መምህሩ እንዳሉት በአንድ ገበታ አበሏቸው፤ በየመሃሉም የቃለሕይወትን ጀርባ ይደባብሱ ነበር። እሱ ጎረሰ። ምን እንደጎረሰ አላወቀም። የእናትየው ደስታ እውነተኛ ነበር፤ እውነተኛ መሆኑ ነው ያስቸገረው፤ በምን ይጥላቸው?

"ነገ ለሽማግሌዎቹ እኔው እነግራቸዋለሁ" አሉ ወይዘሮ አሳየሽ ሊሄድ ሲነሳ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞር አሉና፣ የደረሰውን ሐዘን ገና አሁን እንዳዩት ሁሉ ድምፃቸው ሰበር አለ። "ሸኚው ልጄ። እስከ አስፋልቱ ሸኚው።"

ወጡ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ዳሞታ ተራራ ላይ ደመና ተቆልሏል፤ መንገዱ በተማሪና በገበያተኛ ሞልቷል። በዚህ መንገድ ሁለት ዓመት ተመላልሰዋል፤ እሷ ከፊት፣ እሱ ሃያ እርምጃ ወደኋላ፣ እንደማይተዋወቅ ሰው። ዛሬ ትከሻ ለትከሻ ይሄዳሉ፤ የሚከለክላቸው የለም።

"አልተቆጣህም?" አለች ትንሳኤ ፊቷን ሳታዞር። "ማክሰኞ በዚያ ዓይን ሳይህ?"

"ተቆጥቼ ነበር። አሁን ቁጣውንም ብትተዪልኝ ደስ ባለኝ።"

"እኔ ግን ተቆጥቼብሃለሁ" አለች። "ብታጠፋው ኖሮ እጠላህ ነበር። መጥላት ይቀላል፣ ቃል። አሁን ምን ላድርግ?"

አንድ ጎረቤት ሴት፣ ጥሩነሽ የሚሏት፣ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ከፊታቸው መጣች። ሳሮ ሳሮ ተባባሉ። ሴትየዋ ቃለሕይወትን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ፈገግ አለች።

"እና ይሄ ማነው፣ ትንሳኤ? አታስተዋውቂኝም?"

የትንሳኤ ከንፈር ተከፈተ። ቃሉ ግን አልወጣም። ቃለሕይወት አየው። ይህን ቃል መጀመሪያ በእሷ አፍ ከሚሰማው ራሱ ቢለው ይሻላል ብሎ አሰበ፤ ወይም ደግሞ እሷ እንዳትለው ሊያተርፋት ፈለገ።

"ወንድሟ ነኝ" አለ።

"እንዴ! ወንድም አላት እንዴ?"

"አዎ" አለ። "ቦምቤ ነው ያደግኩት።"

ሴትየዋ እያመሰገነች አለፈች። ትንሳኤ ክንዱን ያዘችው፤ በአደባባይ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ የሸሚዙን እጅጌ በጡጫዋ ጨምድዳ ያዘችው። ማንም ዞሮ አላያቸውም። አስፋልቱ ጋ ደርሰው ነበር፤ ባጃጆቹ ሶዶ፣ መናኸሪያ እያሉ ይጠራሉ። ሁለቱም ጥሪውን እንዳልሰሙ ሆነው፣ እርምጃቸውን ይበልጥ አዘገሙ።